የአሲያ መልክ በሠላሳ ሁለት ገጽ

እናቴን ያየኋት በቴሌቪዥን ነው። የአዲስ አበባ ጣቢያ እንዳይመስላችሁ። በ1980 ዓ.ም. ነገሌ፣ እኛ ቤት አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ብትኖርም ስትከፈት ከመንጫጫትና ነጭ አሸዋ ከመበተን በቀር የምታሳየው አልነበራትም። እናቴን እዚያ ላይ ያወጣት ወንድሟ ከሊፋ ነው፤ በካሬ በካሬ፣ በቁጥር በቁጥር ሠርቶ። ያጠፋኋት ደግሞ እኔ ነኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ማን መሆኗን አላውቅም ነበር። ይህን ሁልጊዜ እላለሁ፣ ለራሴም ለሰውም። አላውቅም ነበር። አንድም ቀን ግን አላሳረፈኝም።

ያኔ እናቴ ሸምሳ ነበረች። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ሲያመኝ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁርዓን የምትቀራልኝ ሸምሳ። አባቴ ሀሺ ከገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ ነበረው፤ ሽርጥ፣ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ከሱቁ አንዱ ጥግ ላይ ከሊፋ ሬዲዮ ይጠግናል። እኔ "አቡያ" እለዋለሁ፤ በእኛ አገር የእናት ወንድም የሚጠራው እንደዚያ ነው። የሸምሳ ወንድም ይመስለኝ ነበር። ሸምሳ ከአሬሮ ለትዳር የመጣች፣ እሱ እዚሁ ነገሌ ተወልዶ ያደገ፣ መልካቸውም የማይገናኝ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ የቤቱን ነገር መች ይጠይቃል? እንዳገኘው ነው የሚኖርበት።

እውነቱን አሁኑኑ ልንገራችሁና እንገላገል። የወለደችኝ አሲያ ትባላለች። በሶማሌ ጦርነት ማግሥት፣ እኔ የስምንት ወር ልጅ ሳለሁ፣ "የአጎትሽ ልጅ ከወዲያኞቹ ጋር ነው" ብለው ከቤት ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። አባቴ በዚያው ሳምንት ፎቶዋን ሁሉ፣ የሰርጓን ሳይቀር፣ ጓሮ አውጥቶ አቃጠለ። ያኔ የብዙ ሰው ቤት እንደዚያ አድርጓል፤ ለፍተሻ ሲመጡ የተወሰደ ሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ ካገኙ የቀረውንም ይወስዱታል። ስሟ ቤት ውስጥ እንዳይነሳ ተባለ። ልጅ ትምህርት ቤት ሄዳ ትዘባርቃለች ተብሎ ለእኔም እንዳይነገር ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሸምሳ መጣች፤ እኔም እማ አልኳት።

ከሊፋ ግን አንዲት ጉርድ ፎቶ ደብቆ ነበር፤ ከእህቱ የተማሪ መታወቂያ ላይ የላጣት። ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወትፎ፣ በጭቃ መርጎ አሥር ዓመት አኖራት። ይህን ማንም አያውቅም፤ አባቴም ጭምር።

ኮምፒውተሩ የመጣው በዶሎ ድንበር በኩል፣ በሽርጥ ጥቅል ውስጥ ነው። ከሞቃዲሾ ያስመጣው ከሊፋ ነበር፤ አባቴ ጥቅሉን ሲፈታ ከጨርቁ መሃል ከሒሳብ መጽሐፌ የማይተልቅ ጥቁር ነገር ዱብ አለ። እንደ ማስቲካ የሚለመጡ ትናንሽ ቁልፎች አሉት። አባቴ በሁለት ጣቱ አነሳው።

"ከሊፋ፣ ይሄ ደሞ ምንድን ነው?"

"ኮምፒውተር ነው፣ ኦቦ ሀሺ። ያዘዙትን ይሠራል።"

"ያዘዝኩትን? እስቲ ዝናብ እንዲያመጣ እዘዝልኝ።"

"እሱን እንኳን ለአላህ ይተዉት" አለ ከሊፋ እየሳቀ። አባቴም ሳቀ። ከሊፋን መቆጣት አይችልም ነበር፤ ሲያየው ዐይኑን ቶሎ ይሰብራል። እኔ ይሉኝታ ይመስለኝ ነበር።

ሱቁ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እስከ ዐስር ሶላት ይዘጋል። ከተማው ሁሉ በሙቀቱ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት የእኔና የአቡያ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት፣ በሳሙና ካርቶኖች መሃል፣ ቴሌቪዥኗን ከመኪና ባትሪ ጋር ያያይዛታል፤ ማሽኑን ከቴሌቪዥኗ ጋር። ሱሪው ጉልበት ላይ ብየዳ ያቃጠለው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ሲሠራ ከማሽኑ ጋር ያወራል። "እሺ አትበለኛ! ምን አጠፋሁ? ሦስተኛው መስመር ላይ ነው አይደል ያኮረፍከው?" ይለዋል። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነበር።

"እናስተምረዋለን" አለኝ። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አምጥቶ ስምንት ካሬ በቁመት፣ ስምንት በአግድም ከለለ። "ከዚህ ውስጥ መ-ን አውጪልኝ።"

በእርሳስ እያጠቆርኩ መ-ን ሠራሁ። እሱ በየረድፉ ያሉትን ጥቁር ካሬዎች እያየ ወደ ቁጥር ይለውጣቸዋል፤ ለአንድ ረድፍ አንድ ቁጥር። ቁጥሮቹን ለማሽኑ ሲነግረው ማሽኑ መልሶ ካሬ ያደርጋቸዋል። አሠራሩ ያ ብቻ ነው፤ ካሬ ቁጥር ይሆናል፣ ቁጥር ካሬ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኗ ላይ "መሱዳ" የሚል ወጣ። ጩኸቴን ለቀቅኩት። ሸምሳ እባብ የነደፈኝ መስሏት መርፌና ክር እንደያዘች ሮጣ መጣች።

"ወይ ጉድ! ስምሽ ነው?" አለችኝ አፏን በእጇ ይዛ። "ያ ረቢ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው ነው!"

ቀጥሎ ግመሏ መጣች። ግመሏን የሣልኳት እኔ ነኝ፤ እግሯን ያንቀሳቀሰው እሱ። ጅብ ያባርራታል፤ እሷ ቀድማ ኤላው፣ የውኃ ጉድጓዱ ጋ ከደረሰች ውኃ ትጠጣለች፣ ከዘገየች ትበላለች። ከሰርዲን ቆርቆሮና ከተሰበረ የሬዲዮ ማዞሪያ መዘወሪያ ሠራልኝ። ወደ ቀኝ ስገፋው ትሮጣለች፣ ስለቀው ትቆማለች። ለአረፋ ግልገል እንጨምርላታለን ብሎኝ ነበር። ነገሌ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ልጅ አልነበረም፤ ጓደኛዬ ዲንኪቱ ስነግራት "ውሸታም!" ብላኝ፣ አምጥቼ ሳሳያት ሁለት ቀን አኩርፋኛለች።

የሠራነው ሁሉ የሚቀመጠው ካሴት ላይ ነበር። ካሴቱ ሲጫወት ዘፈን የለውም፤ እንደተረገጠ ድመት ሲጮህ ይቆይና ግመሏ ትመጣለች። ሌሎቹ ካሴቶች አርጅተው ስለነበር ማሽኑ አይቀበላቸውም። ደህና ካሴት አንድ ብቻ ነበረን።

ረመዳን ገባ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሊፋ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ በቢላ ሲፈለፍል አገኘሁት። ምስጥ በግድግዳው ውስጥ ወጥቶ ኖሯል። እጁ ላይ አንዲት ትንሽ የተበላች ወረቀት ይዟል። እንዳየኝ መዳፉን ጨበጠ።

"ምንድን ነው፣ አቡያ?"

"ሥራ ነው። ሂጂ ተጫወቺ።"

ሂጂ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ዋለ። ለሬዲዮ ሽቦ የሚጠቀምባትን ማጉያ መነጽር ዐይኑ ላይ ሰክቶ፣ በልብስ መርፌ ያቺን ወረቀት ይጭራል። ሩቅ ሆኜ ሳየው ሰዓት የሚጠግን ይመስለኛል። አሁን የማውቀውን ላስረዳችሁ፤ ፎቶዋን በመርፌ ካሬ በካሬ እየከለለ፣ በእያንዳንዷ ካሬ ውስጥ ያለውን ጥቁርና ነጭ ወደ ደብተር እየገለበጠ ነበር። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ነው፤ ከግንባሯ ጀምሮ በየገጹ አንድ አንድ ቅዳጅ ፊት፣ ካሬው ከላይ፣ ቁጥሩ ከሥር። መርፌው የነካው ቦታ ሁሉ ግን ቀለሙ ይላጣል። ምስጥ የጀመረውን ፎቶ እሱ ጨረሰው፤ እያወቀ ነው የጨረሰው። ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ሲሞላ ፎቶው ላይ የቀረ መልክ አልነበረም።

ሸምሳ ይህን ታውቅ ነበር። ለእሷ ነግሯታል። "ቁጥርን ምስጥ አይበላውም" ብሏታል አሉ። እውነቱን ነው፤ ምስጥ አልበላውም።

ረመዳን ወጥቶ ጥቂት ቀን እንደቆየ በዙሁር ሰዓት ወደ ዕቃ ቤቱ ገብቼ መዘወሪያዬን አነሳሁ። ካሴቱ ጮኸ፣ ጮኸ፤ እንደ ወትሮው ግን አላበቃም። ግመሏ አልመጣችም። አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለች መውጣት ጀመረች።

"ግመሌስ?"

"ቦታ ሂንጂሩ፣ የለም፣ መሱዳ። የዚህ ማሽን ጭንቅላት ጠባብ ነው፣ ሁለቱን አይዝም። ካሴቱም አንድ ነው። ግመሏን ሌላ ቀን እንደገና እንሠራታለን።"

"አጠፋሃት?"

"አጠፋኋት" አለ። "ይልቅ ኮቱ፣ ነዪ ይቺን እያት።"

ዞር ብዬ የሳሙና ካርቶን ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ወጥታ እስክታልቅ እሱ ትንፋሹን ሰብስቦ ሲጠብቅ ይሰማኛል።

"ቆንጆ አይደለችም?"

"አስቀያሚ ናት" አልኩ ሳላይ።

አሥራ አንድ ቀን እንደዚያ ሆነ። በየቀኑ በዙሁር ያወጣታል፤ አንዷን ካሬ ያጠፋል፣ አንዷን ያበራል፣ ራቅ ብሎ ያያል። በየቀኑ ይጠራኛል። በየቀኑ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው ምን ያህል እንደታገሰኝ ይገርመኛል። ማን መሆኗን እንዳይነግረኝ ቃል አለበት። እንዳታያት የሚል ቃል ግን የለበትም። እህቱን አምጥቶ ፊቴ አስቀምጦ፣ ልጅሽ ይቺውልሽ፣ እናትሽ ያችውልሽ ማለቱ ነበር። እኔ ስለ ግመል አኩርፌያለሁ።

በስምንተኛው ወይ በዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከሽርጥ ጥቅሎቹ ላይ ተኝቼ ሳለሁ ሸምሳ ገባች። የተኛሁ መስሏቸዋል። ቴሌቪዥኗ ፊት መጥታ ቆመች።

"ሀሺ አይቷታል?" አለች ቀስ ብላ።

"ገና ነው። ላሳየው ነው። ምን እንደሚል ፈራሁ።"

"ምን ይላል፣ ያለቅሳል እንጂ። ልቡ መች ከእሷ ወጥቶ ያውቃል?" ድምጿ ተሰበረ። "ከሊፋ፣ አልጠላኋትም፣ ወላሂ። ግን እሷ እዚህ ቤት ከገባች እኔ ምን ልሆን ነው? ለዚህች ልጅስ ምኗ ነኝ?"

"እናቷ ነሽ። ማን ይወስድብሻል?"

"እሷ ናታ!" አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

እኔ እንደተኛ ሰው ሆኜ በግማሽ ዐይኔ አየኋት። እማ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። በማግሥቱ ሁሉንም ለዲንኪቱ ነገርኳት። የዲንኪቱ አባት በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሚስት አምጥቶ ነበርና በዚህ ጉዳይ እሷ አዋቂ ናት።

"በቃ፣ አባትሽ ሊያገባ ነው" አለችኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "የእኛም መጀመሪያ ፎቶዋ ነው የመጣው። ቀጥሎ ራሷ መጣች። እናቴ ያለቀሰችውም እንደዚሁ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ፎቶው ሲመጣ ብቀደው ኖሮ እላለሁ እኔስ።"

እንጀራ እናት! በሸምሳዬ ላይ! ያቺ ግመሌን የበላች ሴት፣ አባቴን ልትወስድ፣ እማን ልታስለቅስ! አያችሁ፣ ክፋት ብቻ አልነበረም። ፍቅርም ነበረበት። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ እንዲያውም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ደብተሩ ከሬዲዮዎቹ ሥር ነበር። ሙሉውን ብወስድ ያውቃል። ተማሪ የነበረ ሁሉ የሚያውቀውን አደረግኩ፤ ከደብተር ላይ ሳይታወቅብህ ወረቀት የምትመዘው ከመሃሉ ነው። ደብተሩን መሃል ላይ የያዘችውን ሽቦ በጥፍሬ ቀና አድርጌ ሦስቱን የመሃል ድርብ ቅጠል አወጣሁ፣ ሽቦዋን መልሼ አጠፍኩ። አሥራ ሁለት ገጽ። ደብተሩ ተመልሶ ሲከደን ምንም የጎደለው አይመስልም። ቅጠሎቹን ሚዛኑ ሥር ካለው መጠቅለያ ወረቀት መሃል ከተትኳቸው። ሱቃችን ሻይ ቅጠልና ቅርንፉድ የሚጠቀልለው በተማሪ ደብተር ወረቀት ነበር፤ የእኔም የዓምና ደብተሮች እዚያው ነው ያለቁት። ሸምሳ እሷው በእጇ ቆርጣ እንደ ሾጣጣ እየጠቀለለች ስትሸጥ ቆሜ አየኋት። ደስ አለኝ። በራሷ እጅ ጠላቷን እያባረረች መሰለኝ።

ካሴቱ እንዳለ አልረሳሁትም። እሱን ለነገ ብዬ ነበር። ነገ ግን ሌሎች ቀደሙኝ።

ከጦር ሰፈሩ ከሚመጡት ደንበኞቻችን አንዱ ሻይ ቅጠል ገዝቶ ሄዶ ኖሯል። ሻይ ሊያፈላ ሲፈታው ወረቀቱ ላይ በረድፍ በረድፍ የተጻፈ ቁጥር አየ። አጠገቡ ያለው የመገናኛ ወታደር ነው። እነሱ ምስጢር የሚላላኩት በቁጥር ነውና ሰውዬው ሻዩን ትቶ ወረቀቱን ይዞ ሮጠ። ይህንን ኋላ ሰው የነገረን ነው። እኛ ያየነው በማግሥቱ ጧት አራት ወታደሮች ሱቁን ሲሞሉት ነው። ማሽኑን፣ ቴሌቪዥኗን፣ ባትሪውን፣ ደብተሩን፣ ካሴቱን ጫኑ። አንደኛው ካሴቱን እዚያው ቴፕ ውስጥ ከትቶ ቢያጫውተው ያ የድመት ጩኸት ወጣ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከሊፋን ክንዱን ወደኋላ አስረው ወሰዱት።

"የጠላት ሬዲዮ አገኙበት" አለ ሰፈሩ። ዲንኪቱ እንኳን ከእኔ ጋር መቆሟን ተወች።

በሦስተኛው ቀን አባቴን ጠሩት፤ ልጅቷንም ይዘህ ና አሉት። ሸምሳ ጫማዬን አሰረችልኝ። "የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ፣ የኔ እናት" አለችኝ።

ጦር ሰፈሩ ውስጥ፣ የአዛዡ የሻምበሉ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥናችን ተቀምጣለች። ከሊፋ ማሽኑ ፊት ነው፤ አንድ ዐይኑ አብጦ ተደፍኗል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። እኔን ሲያይ ሊስቅልኝ ሞከረ። ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት።

"ይሄ ሰውዬ ቁጥሩ ሥዕል ነው ይላል" አለ ሻምበሉ ለአባቴ። "ካሴቱ ወደ በላይ ለምርመራ ተልኳል። እውነት ሥዕል ከሆነ ከደብተሩ አውጣልን ብለነው ከጧት ጀምሮ ሲጠቀጥቅ ዋለ። በል አሳየን።"

ከሊፋ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሴትዮዋ ከላይ ወደ ታች መውጣት ጀመረች። ሻሿ፣ የሻሿ ጠርዝ፣ ግንባሯ። ከዚያ ጥቁር ሆነ። ብዙ ጥቁር። ወረደ፣ ወረደና ከታች የከንፈሯ ጫፍ መጣ፣ አገጯ፣ አንገቷ፣ የደንብ ልብሷ ኮሌታ።

"መሃሉስ የታል?"

ከሊፋ ደብተሩን ገልጦ ሽቦዋን በጣቱ ዳሰሰ። ባልተዘጋው ዐይኑ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አወቀ። ወላሂ ያን ጊዜ አወቀ።

"እኔ ነኝ የቀደድኩት" አለ። "ሱቅ ውስጥ ወረቀት አልቆ ለመጠቅለያ ሰጠሁት።"

"እሺ፣ ሴትየዋ ማን ናት? ስሟን አልናገርም ያልክበት ምክንያት ምንድን ነው?"

ከሊፋ ደብተሩን ከደነ። ምን ሊል ይችላል? እህቴ ናት ቢል እህቱ ማን እንደሆነች መዝገባቸው ላይ አለ። ሻምበሉ ወንበሩን ስቦ እኔ ፊት ተቀመጠ።

"ልጅ አይዋሽም። ስምሽ ማነው?"

"መሱዳ።"

"ጎበዝ። መሱዳ፣ ይቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?"

"አውቃታለሁ" አልኩ።

እኔ የምታውቂውን ተናገሪ ተብያለሁ።

"አባቴ ሊያገባት ነው። እንጀራ እናቴ ልትሆን ነው" አልኩ።

ሻምበሉ ለአፍታ አየኝ፣ አየኝና በሳቅ ፈነዳ። በሩ ላይ የቆሙትም ሳቁ። "አንተ! እውነት ነው?" አለው አባቴን።

አባቴ ቴሌቪዥኗን እያየ ነበር። ሥዕሉ የማን እንደሆነ እስከዚያች ደቂቃ አያውቅም። አሥር ዓመት ሙሉ ያላየውን፣ በእጁ ያቃጠለውን ግንባርና አገጭ እያየ ነበር። ኮፍያውን ከራሱ አውልቆ በሁለት እጁ ጨመደደው።

"እውነት ነው" አለ። "ላገባት የምፈልጋት ሴት ናት።"

"ሚስትህ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ልብ ያለህ ሰው ነህ!" አለ ሻምበሉ እየሳቀ። ከሊፋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እሱም የሚስቅ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

በዚያ ቀን ሁለት ነገር ያደረግኩ መሰለኝ፤ እማን ከባላንጣዋ ያዳንኩ፣ ቤታችንን ከወታደር ያዳንኩ። ሁለተኛው እውነት ነው። የስለላው ነገር በሳቅ ቀረ፣ አባቴም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከሊፋን ግን አለቀቁትም። በኮንትሮባንድ ዕቃ አስገብቷል ተባለ፤ "ሴት ለመሣል ጊዜ ያለው ለእናት አገርም ጊዜ አያጣም" ብለው በዚያው ወር ከሚሄዱት ምልምሎች ጋር ወደ ማሠልጠኛ ጫኑት። ከዚያ ወደ ሰሜን። አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ "መሱዳን አትቆጧት" የሚል አለበት፤ አባቴ ለምን እንደሆነ አልገባውም ነበር። በ1983 ወታደሩ ሁሉ እግሩ እያበጠ በየመንገዱ ሲመለስ አስፋልቱ ዳር ቆመን ጠበቅነው። አልመጣም። ማሽኑም፣ ደብተሩም፣ ካሴቱም እንደወጡ ቀሩ።

ከዚያ ሁሉ የሚብስብኝ ግን ከጦር ሰፈሩ በተመለስን ማግሥት የሆነው ነው። አባቴ ሱቁን ሳይከፍት ወጣ። ሻይ ቅጠል የገዛን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ "የጠቀለልንበትን ወረቀት መልሱልኝ" ይላል። "አካም፣ ኦቦ ሀሺ፣ ናጋ ነው፣ ደህና ነዎት?" ይሉታል፣ አበደ ብለው እየተያዩ። ማን የሻይ ወረቀት ያስቀምጣል? ከሰል አቀጣጥለውበታል። ከሰዓት በኋላ አንዲት የተጨማደደች ቁራጭ ይዞ መጣ፤ በእርጥበት ቁጥሮቹ ፈሰዋል። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ላይ ዘረጋት። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ፣ አይ አባቴ፣ አሁንም ልቡ ሙሽራዋ ጋ ነው ብዬ ተናደድኩበት። ምነው ያኔ ዐይኔን ባጠፋው!

አባቴ ሳይነግረኝ ሞተ። የነገረችኝ ሸምሳ ናት፤ ላገባ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ለሰርጉ የተገዛውን ጨርቅ እየለካችልኝ። ተንበርክካ ጫፉን በስፒል እየወጋች፣ ቀና ሳትል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ። ደብተሩን እኔ መቅደዴን አታውቅም ነበር። እኔም በተራዬ ነገርኳት። ስፒሉ ከእጇ ወደቀ።

"ምን ትመስል ነበር?" አልኳት በመጨረሻ። "አንቺ ንገሪኝ።"

"እኔ ከየት አውቃታለሁ፣ የኔ እናት? ስመጣ እሷ የለችም። ያየኋት እዚያችው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ቀን ነው፤ ያውም እንባዬ ጋርዶኝ። በየቀኑ እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አሥራ አንድ ቀን! ለእኔ ንገሪኝ እንጂ።"

አፌን ከፈትኩ። ሻሽ ታስር ነበር አልኳት። አገጯ ሹል ነው። ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም፤ መሃሉን አንቺና እኔ ሻይ ጠቅልለን ሸጥነው አልኳት።